አብሮ መብላት ምን ይለካል? ከቻይና የጋራ ድስት እስከ ካፋ ገበታ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። የምናገረው አንድ ዋጋ ተከፍሎ እስኪጠገብ ስለሚበላበት የቻይና የጋራ ድስት፣ በተለምዶ ‹ሆት ፖት› ስለሚባለው ነው። ወደዚህ ምግብ የመራኝ ግን እዚሁ ካፋ ውስጥ ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ‹ከማን ጋር ይበላል?› የሚለው ነው። ሩቅ ያለውን ገበታ በጥንቃቄ ማየት የቅርቡን ገበታ ለመመርመር ይረዳል።

ቻይናውያን ምግቡን ‹ሁዎ ጉዎ› ይሉታል፤ ‹የእሳት ድስት› ማለት ነው። በገበታው መካከል መረቅ የሞላበት ድስት በእሳት ላይ ተጥዶ ይፈላል። በስሱ የተቆረጠ ሥጋ፣ ጨጓራ፣ ዓሣ፣ እንጉዳይ፣ ጎመንና ኑድል ጥሬውን በየሳህኑ ይቀርባል። ተመጋቢው ራሱ ይጨምራል፣ ራሱ ያበስላል፣ አውጥቶም በማባያ እየነከረ ይበላል። በቤጂንግ የታወቀው የበግ ሥጋ በቀላል መረቅ የሚበስልበት ዓይነት ነው። በቾንግቺንግ ደግሞ መረቁ በሚያቃጥል በርበሬና ምላስን በሚያደነዝዝ የሲቹዋን ቅመም የተሞላ ነው። የቾንግቺንጉ ድስት አመጣጥ በያንግዜ ወንዝ ዳር ይሠሩ ከነበሩ ወዛደሮችና ጀልባ ቀዛፊዎች ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ባለጸጋው የማይፈልገውን ርካሽ የሆድ ዕቃ እነርሱ በቅመም አጣፍጠው ይበሉት ነበር። ድስቱን በዘጠኝ የሚከፍለው ፍርግርግም የማይተዋወቁ ሰዎች ከአንድ እሳት ዙሪያ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው እንዲያበስሉ ያስቻለ ዘዴ እንደ ነበረ ይወሳል።

ወደ ዋጋው እንሂድ። በእንዲህ ያለ ቤት የሚከፈለው ለተበላው መጠን ሳይሆን በገበታው ለመቀመጥ ነው። ለምሳሌ አንዱ ተመጋቢ የ250 ብር፣ ሌላው የ400 ብር፣ ሦስተኛው የ550 ብር ምግብ ቢበሉ፣ ባለቤቱ የሚያሰላው አማካዩን 400 ብር ነው። በዚያ ላይ ወጪውንና ትርፉን ጨምሮ ለሦስቱም እኩል ዋጋ ይቆርጣል። ጥቂት የበላው ብዙ የበላውን ይደጉማል ማለት ነው። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእድር ሁሉም አባል እኩል መዋጮ ያወጣል፤ የሚቀበለው ግን ሐዘን የደረሰበት ነው። ልዩነቱ ሐዘንን ማንም መርጦ አያመጣውም፤ የምግብን መጠን ግን ተመጋቢው ይመርጣል። ስለዚህ ብዙ የሚበሉ ብቻ ከመጡ አማካዩ ይጨምራል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ ጥቂት የሚበሉት ይሸሻሉ። ምግብ ቤቶች ይህን የሚከላከሉት የመቀመጫ ጊዜ በመገደብና ለተረፈ ምግብ ተጨማሪ በማስከፈል ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ያወጣችው የምግብ ብክነት መከላከያ ሕግም ከልክ በላይ አዝዘው ከሚያባክኑ ደንበኞች ክፍያ መጠየቅን ፈቅዷል።

እስካሁን ያየነው የመጠን ጉዳይ ነው። የመጠን ገደብ መነሣቱ ግን የሰው ገደብ ተነሣ ማለት አይደለም፤ ለዚህም የራሳችን ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግቢ ይደረግ በነበረው ግብር ብዙ ሺሕ ሰው እስኪጠግብ ይበላና ይጠጣ ነበር። ነገር ግን አገባቡ በተራ ነበር። መኳንንቱ አስቀድመው፣ ሠራዊቱ ቀጥሎ፣ ተራው ሰው በኋላ ይገባል። የሥጋው ብልት፣ የመጠጡ ዓይነትና መጠጫው ሳይቀር የማዕርግ ምልክት ነበር። ግብሩ ሁሉንም ያጠግባል፤ የሁሉንም ደረጃ ደግሞ በዐደባባይ ያሳያል።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ማዕድ ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ተቃርኖ አመልክቷል። ሐሳብን ብዙዎች ሊካፈሉት ይችላሉ፤ አንዱ የዋጠውን ጉርሻ ግን ሌላው ሊበላው አይችልም። ከዚህ አንጻር መብላት ከሁሉ ይልቅ ለራስ ብቻ የሚደረግ ተግባር ነው። ዳሩ ግን ሁሉም ሰው መብላት ስላለበት፣ ይኸው ተግባር ሰዎችን የሚሰበስብ ዋነኛ ምክንያት ይሆናል። አብሮ መብላት የመቀራረብ ምልክት ከሆነ፣ አብሮ አለመብላትም የመገፋት ምልክት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወሰኖችን ለይተን ማየት ይኖርብናል። አንደኛው በምግቡ ላይ የሚቀመጥ ወሰን ነው። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ሆኖም በሰርግና በሐዘን ለእያንዳንዱ የሚስማማው ይዘጋጃል፤ ቡናው ከአንድ ጀበና ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ወሰኑ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ማንም በማንም አይዋረድበትም። ሆት ፖትም ይህን የሚመስል መላ አለው። ድስቱ በመካከሉ ተከፍሎ አንዱ ወገን የሚያቃጥል፣ ሌላው የማያቃጥል መረቅ ይይዛል። ምግቡ ተለየ፤ ገበታው ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው በሰውየው ላይ የሚቀመጥ ወሰን ነው። ይህ ከአንድ ወገን ብቻ ይመነጫል፤ ምግቡ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ አይነሣም። የካፋው ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። የማንጆ ማኅበረሰብ እንደ ሌላው የካፋ ሕዝብ ካፊኖኖ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1897 በንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ መማረክ ባበቃው የካፋ መንግሥት ዘመን የአገሩን ኬላዎች ይጠብቅ ነበር፤ በአደን፣ በኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ ሲተዳደር ኖሯል። ይህ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀመጥ፣ ወደ ቤት እንዳይገባ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተደርጓል። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በደቡብ ኢትዮጵያ ስለ ተገለሉ የዕደ ጥበብና የአደን ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ተመሳሳይ መገለል በሌሎች ሕዝቦች ዘንድም በሸክላ ሠሪዎች፣ በቆዳ ፋቂዎችና በብረት ቀጥቃጮች ላይ ይታያል። እንግዲህ ጉዳዩን የካፋ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የካፋ አይደለም ብሎ ማለፍም የባሰ ስሕተት ነው።

ለማንጆዎች መገለል ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የምግብ ነው፤ ጉሬዛ፣ ጃርትና የዱር ዐሳማ ይበላሉ ይባላል። ይህን ምክንያት እንደ ተመራማሪ እንፈትነው። መንሥኤው ምግቡ ቢሆን ኖሮ ምግቡ ሲለወጥ ውጤቱም መለወጥ ነበረበት። ብዙ ማንጆዎች ክርስትናን ተቀብለው የዱር እንስሳትን ሥጋ መብላት ትተዋል፤ መገለሉ ግን አብሮ አልቀረም። ስለዚህ ‹የሚበሉት ስለሚያስጸይፍ አብረናቸው አንበላም› የሚለው አነጋገር መንሥኤውንና ሰበቡን ያምታታል። ምግቡ ለወሰኑ የተሰጠው ስም እንጂ የወሰኑ ምንጭ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ወሰን ምን ያፈርሰዋል? ከዓለም ሦስት መንገዶችን መጥቀስ ይቻላል።

የመጀመሪያው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንም በዘር ሐረጉ ምክንያት ከሕዝብ ምግብ ቤት እንዳይከለከል ደንግጓል። በአሜሪካ በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1960 ለነጮች ብቻ በተከለለ የምግብ መደብ ተቀምጠው የጀመሩት ተቃውሞ ለ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነበር። የእኛም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 የሰዎችን እኩልነት ያረጋግጣል። ሕግ የምግብ ቤቱን በር ያስከፍታል፤ የመኖሪያ ቤትን ገበታ ግን አያዝም።

ሁለተኛው ገበያ ነው። አንድ ዋጋ የሚያስከፍል ቤት ማንነትን አይጠይቅም፤ የከፈለ ሁሉ ይቀመጣል። ይህ ቀላል የማይባል ነጻነት ነው። ነገር ግን ገበያ ሰውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀምጣል እንጂ በአንድ ድስት ዙሪያ አያስቀምጥም። ሆት ፖት የሚበላው አስቀድሞ ከተመረጠ ወዳጅ ጋር ነው፤ መክፈል ያልቻለውም ከነጭራሹ ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛው ሆነ ተብሎ የሚዘረጋ የጋራ ማዕድ ነው። የሲክ እምነት ተከታዮች ‹ላንጋር› በሚሉት ሥርዓት፣ በአምሪትሳሩ ወርቃማ ቤተ መቅደስ እንደሚደረገው፣ የመጣ ሁሉ ያለ ክፍያ እስኪጠግብ ይበላል። ባለጸጋውም ድኻውም፣ ከየትኛውም የዘር መደብ የመጣው ሁሉ ወለል ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል። ከግብሩ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይገለጣል፤ ሁለቱም ያጠግባሉ፣ ግብሩ ግን ሰውን በማዕርግ ይለያል፣ ላንጋሩ ሆን ብሎ ማዕርግን ይሽራል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምርምር የሚሰጠው ትምህርት አለ። በመጠይቅ ‹አድልዎ ታደርጋለህ?› ተብሎ የሚጠየቅ ሰው መልሱ የታወቀ ነው። ተጨባጩን መጠየቅ ይሻላል። ባለፈው ዓመት ቤትህ ገብቶ የበላው ማን ነው? በየትኛው ዕቃ ቀረበለት? አንተስ በማን ቤት በላህ? በሐዘን ቤት ከማን ጎን ተቀመጥክ? ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። እንግዳን ማብላት ቸርነት ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ከተገፋ ሰው ቤት ገብቶ በእርሱ ዕቃ መብላት ግን እኩልነትን መቀበል ነው።

የዩኒቨርሲቲ ካፍቴሪያ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ምግብ ያቀርባል፤ ሰልፉም አንድ ነው። ሕግና በጀት እስከዚያ ድረስ ሠርተዋል። ሳሕኑን ይዞ ከሰልፉ የወጣው ተማሪ የትኛው ወንበር ላይ፣ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ግን የሚወስነው ራሱ ነው። ጥናታችሁን ከዚያ ብትጀምሩ ከመስክ ሳትርቁ ብዙ ታያላችሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።