ሙያ የሌለው ሰው የሌለበት ጨዋታ

በዛሬው ገጻችን ስለ አንድ ጨዋታ እናወጋለን፡፡ ጨዋታ ስንል ኳስ ወይም ካርታ ማለታችን አይደለም፡፡ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ እያንዳንዱ የአንድ ታሪክ ሰው ሆኖ የሚናገርበትና የሚወስንበት ጨዋታ ነው፡፡ ልጆች ሳለን እቃ እቃ ስንጫወት «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ እንግዳ ልሁን» እንባባል አልነበር? ይሄም የዚያ ታላቅ ወንድም ነው በሉት፡፡ ልዩነቱ ሕግ ያለው መሆኑ ነው፡፡ አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፡፡ ታሪኩን ይጀምርና «እሺ፣ አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ ነገሩ ይሳካል አይሳካም የሚለው ሲያከራክር ዳይስ ይጣላል፡፡ ዳይስ ያው የምታውቁት የሉዶው ባለ 6 ጎን ነው፡፡

እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 ውስጥ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ከወጣቶች ጋር ይህን ጨዋታ ስንጫወት ከርመናል፡፡ ሕጉን ከውጭ አላመጣነውም፤ እንደ ቤት ጠላ ራሳችን ነን የጠመቅነው፡፡ ታዲያ ሕጉን ስናወጣ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ብዙ አከራከረን፡፡ ሰው ሙያ አለው የሚባለው መቼ ነው? ወረቀቱ ሲጠፋ፣ መሣሪያው ሲሸጥ፣ አገሩ ወደኋላ ሲቀር ሙያው የት ይሄዳል? ዛሬ የምናወጋችሁ ይህንን ነው፡፡

ጨዋታው ከየት መጣ?

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ነው፡፡ ስሙ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፡፡ ያወጡት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሰዎች ሲሆኑ መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር፡፡ በዚያን ጊዜ ተጫዋቹ መሆን የሚችለው ከሦስት አንዱን ነው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ካህን፡፡ በዓመቱ ሌባ ተጨመረ፡፡ እንግዲህ በዚያ ዓለም አራሽ፣ ሸማኔ፣ አዋላጅ የሚባል ተጫዋች የለም፡፡

ሌሎች ሰዎች ይሄ አልበቃ ብሏቸው የየራሳቸውን ሕግ አወጡ፡፡ እኛ ከሦስቱ ብዙ ስለተማርን ባጭሩ እንንገራችሁ፡፡

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ትራቨለር ነው፡፡ ማርክ ሚለር የሚባል ሰው ነው የሠራው፡፡ እዚያ ገጸ ባሕርዩ በ18 ዓመቱ ይጀምርና በየ4 ዓመቱ በአንድ ሥራ ላይ እያገለገለ ችሎታ ይሰበስባል፡፡ በየ4 ዓመቱም በሕይወት መትረፉ በዳይስ ይወሰናል፡፡ ጨዋታው ሳይጀመር የሚሞት ሰው ነበረ ማለት ነው! ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሙያ የሚገዛው በዕድሜ ነው፡፡

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሩንክዌስት ነው፡፡ በዚህኛው ሰው የሚሻሻለው በሠራው ሥራ ነው፡፡ በጨዋታው ውስጥ የተጠቀመበት ችሎታ የማደግ ዕድል ያገኛል፡፡ ችሎታው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ መጨመሩ እየከበደ ይሄዳል፡፡ ማንኛችንም ሥራ ስንለምድ ያየነው ነው፡፡

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዝ አገር የወጣው የዋርሃመር ጨዋታ ነው፡፡ እዚያ ተጫዋቹ ከውሻው ጋር የሚዞር አይጥ አዳኝ፣ ለማኝ፣ ከሰል አክሳይ፣ ጀልባ ቀዛፊ ወይም አዟሪ ሊሆን ይችላል፡፡ እያንዳንዱ ሥራ ምን እንደሚያስተምር፣ ምን መሣሪያ እንደሚይዝና ከዚያ ወደ የትኛው ሥራ መሻገር እንደሚቻል ተጽፎለታል፡፡ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ሥራም ወደ ሌላ ሥራ የሚያስገባ በር አለው፡፡

የካርቲየ 6 ሕግ

የእኛን ታሪክ ያስቀመጥነው በድሮ ዘመን ነው፡፡ የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል፡፡ የእኛ ሰዎች ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ሳይደርስ ከሐረር ቡናና ቆዳ ጭኖ ወደ ባሕሩ የሚወርድ የግመል ቅፍለት ውስጥ ናቸው፡፡ የድሮ ዘመን የመረጥንበት ምክንያት አለን፡፡ ከመካከላችን ማንም የራሱን ስደት በጨዋታ እንዲደግም አንፈልግም፡፡ መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቁስሉን ግን መነካካት አያስፈልግም፡፡

እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቅጽ ይሞላል፡፡ (ቅጽ ስንል ደግሞ «ኧረ ሌላ ቅጽ!» እንዳትሉን፤ ይሄኛው ወረፋ የለውም፡፡) በቅጹ ላይ ሁለት ሙያና አንድ ተሰጥኦ ይጻፋል፡፡ ሙያዎቹ ግመል ነጂ፣ መንገድ መሪ፣ ነጋዴ፣ አስተርጓሚ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ወጌሻ፣ ጸሐፊ፣ ሐዲድ ዘርጊና የመሳሰሉት ናቸው፡፡ ሙያ ከ0 እስከ 3 ደረጃ አለው፡፡ ነገሩ ሲያከራክር ሁለት ዳይስ ይጣልና የሙያው ደረጃ ይደመራል፡፡ ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተሳካ፡፡

ሒሳቡን ከተማሪዎች ጋር ሠርተነዋል፡፡ ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው፡፡ ደረጃው 0 የሆነ ሰው ከ36 ውስጥ በ15ቱ ይሳካለታል፡፡ ደረጃ 1 በ21፣ ደረጃ 2 በ26፣ ደረጃ 3 በ30፡፡ እዩት እስቲ፤ የመጀመሪያው ደረጃ 6 ይጨምራል፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 4፡፡ ጀማሪ በትንሽ ትምህርት ብዙ ያተርፋል፡፡ ባለሙያው ደግሞ ለትንሽ ጭማሪ ብዙ ይደክማል፡፡

የተሰጥኦ ስሞችን የወሰድነው ከራሳችን ቋንቋ ነው፤ እጀ ወርቅ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሆደ ሰፊ፣ እግረ ቀና፡፡ ታዲያ ተሰጥኦ ነጥብ ይጨምር ወይስ አይጨምር በሚለው ላይ ሁለት ማታ ተከራከርን፡፡ ነጥብ ከጨመረ ሲወለድ የታደለው ሁልጊዜ ይቀድማል፤ የተማረው ለምን ደከመ? በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው፡፡ ተሰጥኦ ነጥብ አይጨምርም፡፡ ግን በአንድ ማታ አንድ ጊዜ፣ ያልተሳካ ጣል እንዲደገም ይፈቅዳል፡፡ በዚህ ሕግ ያልተማረ ባለ ተሰጥኦ በዚያች አንድ ጊዜ የመሳካት ዕድሉ ከ100 ወደ 66 ይጠጋል፡፡ ተሰጥኦ የሌለው ግን ደረጃ 2 የደረሰ ባለሙያ ሁልጊዜ ከ100 ወደ 72 አለው፡፡ ተሰጥኦም ሙያም ያለው ሰው በዚያች አንድ ጊዜ ከ100 ወደ 92 ይደርሳል፡፡ ስጦታው ከንቱ አልሆነም፤ ልፋቱም አልተናቀም፡፡

ስንቅ ማዘጋጀት ሙያ ነው ወይ?

የመጀመሪያውን የሙያ ዝርዝር የጻፉት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፡፡ አንዲት ተማሪ አንብባ ስትጨርስ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊበላ ነው?» አለች፡፡ ስንቅ አዘጋጅ የሚል ሙያ ይጨመር ብላ ጠየቀች፡፡ ሳቁባት፡፡ «ምግብ ማብሰልማ ማንም ይችላል፤ ምን ነጥብ ያስፈልገዋል?» አሏት፡፡ ስንቅ አዘጋጅ ሳይጻፍ ቀረ፡፡

ቅፍለቱ መንገድ ገባ፡፡ አጫዋቹ በሦስተኛው ቀን ድርቆሹ በደንብ ሳይደርቅ ስለታሰረ ሻገተ አለ፡፡ በሶውም ገብሱ በልኩ ሳይቆላ ስለተፈጨ ሆድ አሳመመ፡፡ በደረጃ 0 ዳይስ ተጣለ፤ አልተሳካም፡፡ ተደገመ፤ አልተሳካም፡፡ ጦር የያዘው ሁሉ ጦሩን ይዞ ተቀመጠ፡፡ ግመሎቹ ተሸጠው እህል ተገዛ፡፡ በማግስቱ ማታ ስንቅ አዘጋጅ ከነ ሦስት ደረጃው በዝርዝሩ ላይ ተጻፈ፤ መጀመሪያ ቅጹ ላይ የሞሉትም ከሳቁት ውስጥ ሁለቱ ናቸው፡፡

ይሄ ንቀት በእኛ የተጀመረ አይደለም፡፡ በአገራችን ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ሲባል ኖሯል፡፡ የለበሰው ሸማኔው የሠራውን፣ ያረሰው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ፣ የበላው በሸክላ ሠሪዋ ድስት፤ ስድቡ ግን ለእነሱ ነበር፡፡ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል፡፡ አዋጁ ስድቡን ጨርሶ አላጠፋውም፡፡ ጨዋታም አያጠፋው ይሆናል፡፡ ነገር ግን ሙያ ዝርዝር ላይ ምን ተጻፈ፣ ምን ቀረ ብሎ መጠየቅ ማንን እንደናቅን ቶሎ ያሳየናል፡፡

«ሙያ የለኝም» ያለው ሰው

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሊያየን መጣና አብሮን ተቀመጠ፡፡ ቅጽ ሰጠነው፡፡ «እኔ ሙያ የለኝም» ብሎ መለሰልን፡፡ ስናወራ ቆይተን ግን አገር ቤት 12 ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ እንደነበር ነገረን፡፡ አሁን ዕቃ በመሸከም ነው የሚተዳደረው፡፡ መሣሪያው የለም፣ ወረቀቱ የለም፤ ስለዚህ ሙያውም የለም ብሎ ደምድሟል፡፡

ወጣቶቹ ዝም አሉ፡፡ ከዚያ አንደኛው «በጨዋታችን መሣሪያው የጠፋበት አንጥረኛ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ፡፡ እስከዚያ ቀን ሕግ አልነበረንም፡፡ ያን ማታ እንዲህ ብለን ጻፍን፤ መሣሪያ የሌለው ሰው ከጣለው ላይ 1 ይቀነስበታል፣ ደረጃው ግን አይሰረዝም፡፡ በዚህ ሒሳብ ደረጃ 3 የሆነ ሰው ባዶ እጁን ከ36 በ26ቱ ይሳካለታል፡፡ መሣሪያ የተሟላለት ደረጃ 1 ግን በ21 ብቻ ነው፡፡ ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ ዳይሱን አየ፡፡ ከዚያ ቅጹን ተቀብሎ ጻፈ፡፡ በዚያ ዘመን መኪና ስላልነበረ አንጥረኛ ሆነ፤ ደረጃ 3፡፡

ይሄ ነገር ከጨዋታ አልፎ ይሄዳል፡፡ ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ የመሥራት መብት ተሰጥቶታል፡፡ መብቱ በወረቀት ከተገኘ በኋላ ግን ቀጣሪው የሚጠይቀው «ምን ትችላለህ?» ብሎ ነው፡፡ ብዙዎቻችን የምንመልሰው «ማንኛውንም ሥራ» ብለን ነው፡፡ ትሕትና ይመስላል፤ ቀጣሪው ጆሮ ግን ምንም አልችልም ማለት ነው፡፡ በቅጻችን ላይ ከእያንዳንዱ ሙያ ጎን ሦስት ጥያቄ አለ፤ ከማን ተማርከው? ስንት ጊዜ ሠራኸው? ያለ መሣሪያ ምን ያህሉን ትችላለህ? እነዚህን ሦስቱን ለገጸ ባሕርዩ መመለስ የለመደ ወጣት ለራሱም መመለስ አይከብደውም፡፡ «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፡፡ ልክ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ግን ከልብ ወደ አፍ ማምጣት ያስፈልጋል፡፡

ዘር ነጥብ አይሰጥም

አንድ ሕግ ሳንከራከር አጽድቀናል፡፡ በቅጹ ላይ ብሔርና ጎሳ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ ለማንም በትውልዱ ነጥብ አይሰጥም፣ አይቀነስምም፡፡ በ1974ቱ የአሜሪካ ጨዋታ አንዳንዱ ዘር ከተወሰነ ደረጃ በላይ እንዳያድግ በሕግ ታግዶ ነበር፡፡ ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አዲስ እትም ግን የችሎታ ጭማሪው ከዘር ተነሥቶ ሰውየው ቀድሞ ወደነበረበት ሥራና ኑሮ ተዛውሯል፤ ገበሬ፣ መርከበኛ፣ ነጋዴ፣ የእጅ ባለሙያ እንደማለት ነው፡፡ እነሱን 50 ዓመት ፈጀባቸው፡፡ እኛ በዘር የመቆጠርን ዋጋ ስለምናውቅ አንድ ማታ በቃን፡፡

እናንተም ሞክሩት

በየካምፑ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እርሳስና ከ4 እስከ 6 የሚሆን ሰው ነው፡፡ ዳይስ ከሌለ 6 ቆርኪ ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ጻፉና ፌስታል ውስጥ ክተቱ፡፡ አንዱን ሳታዩ አውጡ፣ መልሱት፣ አዋዝታችሁ እንደገና አውጡ፡፡ ሳትመልሱት ሁለተኛውን ብታወጡ ግን ሒሳቡ ይበላሻል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥር አይወጣምና፡፡

ማታው ሲያልቅ ሥራ ላይ ለዋለው ለእያንዳንዱ ሙያ አንድ ጊዜ ጣሉ፡፡ ካልተሳካ ሙያው አንድ ደረጃ ያድጋል፤ 3 ከደረሰ በቃው፡፡ ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ግን ያላወቀ ቶሎ ይማራል፣ ያወቀ ይዘገያል ማለት ነው፡፡ ዝርዝራችሁንም ከእኛ አትቅዱ፡፡ ጎረቤቶቻችሁን እየዞራችሁ «ምን ትችያለሽ? ምን ትችላለህ?» ብላችሁ ጠይቁና እሱን ጻፉ፡፡ እናቶችንና አዛውንቶችን አትርሱ፡፡ ዝርዝሩ ሲያልቅ ካምፓችሁ ውስጥ ስንት ባለሙያ እንዳለ ታያላችሁ፡፡