ውሻችንና ድመታችን ላይ እብጠት ብናገኝስ?

ብዙዎቻችን ውሻን የምናስታውሰው ሌባ ሲመጣ፣ ድመትን ደግሞ አይጥ ሲበዛ ነው። መታመማቸውን ግን እነሱ አይናገሩም፤ ፈልገን ማግኘት ያለብን እኛው ነን።

ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ከራስ እስከ ጅራት ቀስ ብለን እንዳስሳቸው። አገጭ ሥር፣ ብብት፣ በተለይም የጡቶቹ መስመር በሁለቱም በኩል አይዘለል። ያገኘነውን እብጠት መጠን ከምስር፣ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር አነጻጽረን ከነቀኑ ደብተር ላይ እናስፍር። ጠባዩ የተለወጠን ውሻ ግን አንንካ፤ የእብድ ውሻ በሽታ አለና።

እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። የስብ ጓጓላ፣ መግል ወይም የተጣበቀ መዥገር ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሴት ውሻ ጡት ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች ግማሽ ያህሉ፣ በድመት ደግሞ አብዛኞቹ አደገኛ ናቸው። በእጅ ዳስሶ ብቻ መለየት አይቻልም፤ የእንስሳት ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል።

መቼ እንሂድ? የጡት እብጠት ከሆነ ሳይውል ሳያድር። ሌላው ከ1 ሴንቲ ሜትር በልጦ 1 ወር ከቆየ፣ ቶሎ ቶሎ ካደገ፣ ከቆሰለ ወይም ከደማ። ከብልቱ ደም የሚያንጠባጥብ ውሻ በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ይዞት ይሆናል፤ ይኸ ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ይድናል። እንግዲህ «ይገደል» ከማለት በፊት ማሳከም ነው።

በጋለ ብረት መተኮስ ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው፤ ጊዜም ይበላል። ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ ልጆች ይኸንኑ ይጠይቁናል፤ መልሱን ከወዲሁ እንያዝ።