ለጀልባ ሞተር ክንፍ ይገጠም ወይስ አይገጠም?

ባለፈው ሳምንት የጁቤ ባለው የማታ ክፍላችን አንድ አባት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤውን የላከላቸው ባሕር ዳር የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ነው። አምና ቢሆን ኖሮ የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። አሁን ግን ተነሥተው ቆሙ፤ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸው አነበቡልን። ያስቸገራቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ፕሮፔለር» የሚለው።

ደብዳቤው የሚለው ይህን ነው። ልጁና አራት ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ባለሞተር ጀልባ ገዝተዋል። በጣና ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰውና ዕቃ ያመላልሱባታል። ነገር ግን ጀልባዋ ፍጥነት ስትጨምር አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ትቀስራለች። ኋላዋ ውኃ ውስጥ ይቀበራል። ነዳጅ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ ነጂው ከፊቱ ያለውን አያይም። አንድ ቀን እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳ ሊገጩ ለጥቂት ተርፈዋል።

አንድ ዕቃ ሻጭ «ሞተሩ ላይ ክንፍ ግጠሙ፣ ይስተካከላል» አላቸው። ዋጋው የአንድ ሙክት ያህል ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ ይገጠም አሉ። ሁለቱ አይገጠም አሉ። ልጁ መሀል ላይ ቆሟል። «አጎቴ፣ የእርስዎ ወይፈን የተሸጠበት ገንዘብም አለበትና ሳልጠይቅዎ አላደርገውም» ብሎ ጻፈ።

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ «እኛ ገበሬዎች ስለ ጀልባ ሞተር ምን እናውቃለን?» አሉ። አንዲት እናት ግን «ሞተር ባናውቅ ጭነት እናውቃለን። አህያ ጭነን አናውቅም እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገሩ ከጭነት ይጀምራል። ውኃውም ቢሆን ባዳ አይደለም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ከእኛ በታች በበረሃው ያልፋል።

ጀልባዋ ለምን አፍንጫዋን ትቀስራለች?

የአህያ ጭነት ወደ ኋላ ቢንሸራተት ምን ይሆናል? ኋላዋ ይከብዳል፣ ፊቷ ይቀላል። ጀልባም እንዲሁ ናት። ሞተሩ የሚሰቀለው በኋላዋ ነው። ነጂው የሚቀመጠው በኋላዋ ነው። የነዳጁም ጀሪካን እዚያው ነው። ተሳፋሪውም ወደ ኋላ ከተጠጋ ጭነቱ ሁሉ ባንድ ወገን ሆነ ማለት ነው።

ጀልባ ሁለት ዓይነት አካሄድ አላት። ቀስ ስትል ውኃውን እየሰነጠቀች ትሄዳለች። በጣም ስትፈጥን ግን ሆዷ ወጣ ይልና በውኃው ላይ ትንሸራተታለች። አስቸጋሪው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ነው። እንደ ዳገት ያለ ነው። አፍንጫዋ ይበልጥ የሚቀሰረው በዚያን ጊዜ ነው። ጉልበት ያነሰው ሞተር ዳገቱን ሳይጨርስ እዚያው ሲያጓራ ይውላል።

ክንፉስ ምንድን ነው?

ፕሮፔለር ማለት ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋት ነው። ከእሱ በላይ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት አለች። ክንፉ በዚች ብረት ግራና ቀኝ በብሎን ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው።

ሥራውን ለማወቅ ወንዝ ውረዱ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ በሚፈሰው ውኃ ውስጥ አግቡት። ከፊት በኩል ትንሽ ቀና አድርጉት። ውኃው እጃችሁን ወደ ላይ ሲገፋው ይሰማችኋል። ክንፉም እንዲሁ የጀልባዋን ኋላ ወደ ላይ ይገፋል። ኋላዋ ሲነሣ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። ነጂው ፊቱን ያያል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ኤንሪኮ ፎርላኒኒ የተባለ ጣሊያናዊ በአገሩ ሐይቅ ላይ ባለክንፍ ጀልባ ነድቷል። ስልክን በመፈልሰፍ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤልም ከባልደረባው ጋር ባለክንፍ ጀልባ ሠራ። ያች ጀልባ በ1919 ካናዳ ውስጥ በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ሄደች። የእነዚያ ክንፍ ጀልባዋን በሙሉ ከውኃ ያወጣ ነበር። ሞተር ላይ የሚታሰረው ክንፍ ግን ትንሽ ዘመዳቸው ነው። ኋላዋን ብቻ ያግዛል።

ጥቅሙና ጉዳቱ

ጥቅም አለው። ጀልባዋ ያን ዳገት ቶሎ ታልፋለች። ፍጥነት ቀነስ ሲልም በውኃው ላይ መንሸራተቷን አትተውም።

ግን ልብ እንበል። የውኃ ግፊት ከፍጥነት ጋር ይሄዳል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከብዳ ተጭና ቀስ ብላ ለምትሄድ ጀልባ ክንፉ የሚያነሣው ጥቂት ነው። እንዲያውም ውኃው ስለሚይዘው ይጎትታታል።

ሌላም ጉዳት አለው። ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ይነሣል። ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ የጀልባዋን ኋላ ያነሣል። ክንፉም ያነሣል። ሁለቱ ሲተባበሩ አፍንጫዋ ውኃ ውስጥ ሊሰካና ጀልባዋ ሳይታሰብ ልትዞር ትችላለች። ይህ የሰው ሕይወት ነው።

እምቦጭም አለ። ይህ አረም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ ጣናን አስቸግሯል። አረም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። ክንፍ ሲጨመር የሚይዝበት ቦታ ይጨምርለታል።

በመጨረሻም ብዙዎቹ ክንፎች ሞተሩን በመሰርሰሪያ ካልበሱ አይታሰሩም። ሳይበሱ የሚታሰሩም አሉ። የተበሳ ብረት ግን መልሶ አይደፈንም። ክንፉ ድንጋይ ቢመታ ብረቷ ልትሰነጠቅ ትችላለች። እሷ ከሞተሩ እግር ጋር አንድ ላይ የተሠራች ናት። ብትሰበር ወጪው ከአንድ ሙክት ይበልጣል።

ከክንፉ በፊት ምን ይታይ?

በሬ አላርስ ሲል ወዲያው አንሸጠውም። ቀንበሩን እናያለን። አንገቱን እናያለን። ሞተሩንም እንዲሁ ማየት ይገባል።

1ኛ፣ ጭነቱ ይታይ። ጀሪካኑና ከባዱ ዕቃ ወደ ፊት ይምጣ። ሰዎችም ወደ ፊትና ወደ መሀል ይቀመጡ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

2ኛ፣ የሞተሩ አሰቃቀል ይታይ። የሞተሩ እግር ከጀልባዋ ርቆ ወደ ኋላ ከዘመመ አፍንጫዋን ያነሣል። ማስተካከያዋን ብረት አንድ ቀዳዳ ቀየር አድርጎ እግሩን ወደ ጀልባዋ ማስጠጋት ነው። ያች ጠፍጣፋ ብረትም ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ገደማ መሆን አለባት። ይህም ገንዘብ አይጠይቅም።

3ኛ፣ ፕሮፔለሩ ይታይ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል። የቆላ ሰው ጮቄ ተራራ ላይ ሲወጣ ያለከልክ የለ? ሞተርም ያለከልካል። ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ፋብሪካው 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጣና ላይ የ12 ያህል ይሠራል። የጠፋውን ጉልበት ክንፍ አይመልሰውም። የሚሻለው በአንድ ዙር ትንሽ ብቻ የሚገፋ ፕሮፔለር ነው። መኪና ዳገት ላይ ማርሽ እንደሚቀንስ ማለት ነው። ሞተሩ ሳይታፈን ይሽከረከራል።

የእኛ ሐሳብ

ስለዚህ ክፍሉ ተወያይቶ እንዲህ አለ። ክንፉ ውሸት አይደለም፤ ይሠራል። ነገር ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መድኃኒት አይደለም። በመጀመሪያ ያለ ገንዘብ የሚሆነው ይሞከር። ያ ሁሉ ተደርጎ፣ ጀልባዋም ቀለል ብላ በፍጥነት የምትሄድ ከሆነች፣ ሳይበሳ የሚታሰረው ክንፍ ይሞከር። ከብዳ ቀስ ብላ የምትሄድ ከሆነች ግን ክንፉ ይቅር።

አንዲት ሴት ተማሪ ደግሞ «ጀልባዋ ላይ ሰው የሚያንሳፍፍ ጃኬት አለ ወይ? ልጁ አልጻፈም» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ይህን እኛ አስተማሪዎቹም አላሰብነውም ነበር።

አባትየው በዚያው ማታ መልሱን ጻፉ። እኛ አልጻፍንላቸውም፤ ፊደል ሲያጠራጥራቸው ብቻ ነገርናቸው። ፈቅደውልን እነሆ፦

«ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደኅና ነን። ስለ ክንፉ ጠይቀኸኛል። አትቸኩል። መጀመሪያ ጭነቱን ወደ ፊት አምጡ። የሞተሩን አሰቃቀል አስተካክሉ። ፕሮፔለሩን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። እስከዚያው ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ሰው አፍንጫዋ ላይ ይቀመጥ። በታንኳ ያለውም የሰው ልጅ ነው። ጃኬት ከሌላችሁ የክንፉን ገንዘብ ጃኬት ግዙበት። ወይፈን ይተካል፣ አንተ አትተካም። የሆነውን ጻፍልኝ፤ አሁን ራሴ አነበዋለሁ። አጎትህ።»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመክሩት ነበር? በቤታችሁ ተወያዩበት። ሐሳባችሁን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ።