ትልቁ አፈሙዝና የተርኪው አንገት

እ.ኤ.አ. በ1988 ሞስበርግ የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ 835 አልቲ-ማግ የሚባል ሾትገን ገበያ ላይ አዋለ። ጠመንጃው 12 ጌጅ ተብሎ ይሸጣል፤ የሚጎርሰውም የ12 ጌጅ ጥይት ነው። የበርሜሉን ውስጥ የለካ ሰው ግን የሚያገኘው የተለመደውን 18.5 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 19.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የ10 ጌጅ ስፋት ነው። ፋብሪካው በዚህ ሰፊ በርሜል ድፍን የእርሳስ ጥይት እንዳይተኮስበት እስከ ማስጠንቀቅ ደርሷል። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ለረጅም ዘመን የአሜሪካን አዳኞች ሲያከራክር የኖረው የ10 እና የ12 ጌጅ ፉክክር ነው።

የጌጅ አቆጣጠር ለአዲስ ሰው የተገለበጠ ይመስላል። አንድ ፓውንድ ማለትም 454 ግራም እርሳስ እኩል በ12 ድቡልቡል ጥይት ሲከፈል፣ የአንዱ ጥይት ውፍረት የ12 ጌጅ አፈሙዝ ልክ ይሆናል። በ10 ቢከፈል ጥይቱ ይወፍራል፣ አፈሙዙም ይሰፋል። 20 ጌጅ ወደ 15.6 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ከተለመዱት መካከል ከዚህ ደንብ የሚወጣው ትንሹ .410 ነው፤ እሱ በኢንች ይለካል። ከ10 በላይ 8 ጌጅም ነበር። የተሰዳጅ አእዋፍ ሕግ በ1918 ሲጸድቅ ግን ከ10 ጌጅ የሚበልጥ ጠመንጃ ዳክዬና ዝይ ላይ ተከለከለ፤ ባለ 8ም ከአደን ሜዳ ወጣ። ዛሬ 8 ጌጅ የሚተኮሰው በሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ በምድጃው ውስጥ የተጋገረውን ድንጋይ ለመሰባበር።

የፉክክሩ ዒላማ የሆነው ተርኪ ግን ተሰዳጅ ወፍ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በጫካውና በእርሻው ዳር ይውላል፤ ማታ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። ለምስጋና ቀን በምድጃ ከሚጠበሰው ነጭ ተርኪ ጋር ዝርያው አንድ ቢሆንም ጠባዩ ለየቅል ነው። የዱሩ ጥቁር ቡናማ፣ ረጅም እግር ያለው፣ የሚሮጥና የሚበር፣ ቀለም ለይቶ የሚያይ ንቁ ወፍ ነው። ያደገ ወንድ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአደንና በደን ጭፍጨፋ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዱር አራዊት ባለሙያዎች በመድፍ በሚወረወር መረብ እየያዙ ወደ ጠፋበት አካባቢ መለሱት። ሚኒሶታ በ1973 ከሚዙሪ የመጡ 29 ተርኪዎችን ለቀቀች፤ ዛሬ በግዛቷ ከ70 ሺህ በላይ አሉ፤ በዚያ የሚኖር ሐበሻም በከተማ ዳር መንገድ ሲያቋርጡ ቢያያቸው አይገረምም። ወፉን የመመለሱ ሥራ ወጪ ከፊሉ የተሸፈነው በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት ከአዳኝ ጠመንጃና ከጥይት ከሚሰበሰበው 11 በመቶ ግብር ነው።

አደኑ በአብዛኛው በፀደይ፣ ወንዱ ሴት በሚፈልግበት ወቅት ይካሄዳል። አዳኙ ሳይነጋ ገብቶ ሰፊ ግንድ ተደግፎ ይቀመጣል። ፊቱን በመረብ ይሸፍናል፣ ልብሱ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ግን ክልክል ነው። የወንዱ ተርኪ ራስ እነዚህን ቀለሞች ስለያዘ፣ ከኪስ ብቅ ያለ ቀይ መሐረብ ሌላ አዳኝን ሊያሳስት ይችላል። ከዚያ የተርኪ መጥሪያ የሆነውን የእንጨት ሳጥን ክዳን ፈገፈግ እያደረገ የሴቷን ድምፅ ያሰማል። ወንዱ ከሩቅ ይመልስለታል፤ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ እየተጎማለለ ይመጣል። በዚያ ሁኔታ አይተኮስበትም። አዳኙ አንዲት አጭር ድምፅ ይጨምራል፤ ወፉ ምን መጣ ብሎ አንገቱን ሲያሰግግ ቃታው ይሳባል።

ዒላማው ራስና አንገት ነው። የክንፉ ላባና የደረቱ ጡንቻ ከሾትገን ጥይት የሚበተነውን ብዙ ጠጠር ስለሚያበርዱ፣ ሰውነቱ ላይ የተተኮሰ ተርኪ ቆስሎ ያመልጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በጠባብ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብዙ ጠጠር ነው። አዳኞች ይህን የሚፈትኑት በወረቀት ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያሰምራሉ፣ 40 ያርድ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ይተኩሳሉ፣ ቀዳዳውን ይቆጥራሉ። በክቡ ውስጥ 100 ጠጠር ካረፈ ጠመንጃው፣ ጥይቱና በአፈሙዙ ጫፍ የሚታሰረው ማጥበቢያ፣ አዳኞቹ ቾክ የሚሉት፣ ተስማምተዋል ይባላል። ከሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃዎች አንዱ 60፣ ሌላው 120 ሊያሳርፍ ይችላል። ይህን ሳይሞክር ጫካ የሚገባ አዳኝ በዕድል ነው የሚተኩሰው።

ትልቅ አፈሙዝ ለዚህ የሚጠቅምበት ምክንያት ጥይቱ ተቀዶ ሲታይ ይገባል። ከታች ባሩድ፣ ከላዩ የፕላስቲክ ስኒ፣ በስኒው ውስጥ ጠጠሩ። ባሩዱ ሲነድ የታችኞቹ ጠጠሮች ከላይ ባሉት ክብደት ይጨፈለቃሉ። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ቅርጹን ያጣ ጠጠር ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ከመንጋው ይወጣል። ጠጠሩ በጠባብ በርሜል ረጅም ሆኖ ሲደረደር፣ በአንድ በር ተገፋፍቶ እንደሚወጣ የስታዲየም ተመልካች ጉዳቱ ይበዛል። የ10 ጌጅ አፈሙዝ ከ12ቱ በክቡ ገጽ ስፋት 13 በመቶ ያህል ስለሚበልጥ ያንኑ 57 ወይም 64 ግራም እርሳስ በአጭር ድርድር ይይዛል፣ በዝቅተኛ ግፊትም ይገፋዋል። የአሜሪካ የጥይት ሠሪዎች መለኪያ ለ10 ጌጅ የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት 11,000 ፒኤስአይ ሲሆን ቀለሁ ሦስት ኢንች ተኩል ለሚረዝመው 12 ጌጅ 14,000 ነው። በእርሳስ ዘመን ሚዛኑ ወደ 10 ያጋደለ ነበር።

ታዲያ ለምን አልነገሠም? ክብደቱ ነው። ሦስት ኢንች ተኩሉ 10 ጌጅ ከ1932 ጀምሮ አለ፤ ኢታካ በ1970ዎቹ፣ ሬሚንግተን በ1989 በራሱ የሚጎርስ 10 ጌጅ ሠርተዋል። የሬሚንግተኑ ኤስፒ-10 ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ዝይ አዳኝ አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ አይከብደውም፤ ተርኪ አዳኝ ግን ኮረብታ እየወጣ ድምፅ ይከተላል። ጥይቱም በየሱቁ አይገኝም።

ሦስት ኢንች ተኩሉ 12 ጌጅም ቢሆን መጀመሪያ ለተርኪ አልታሰበም። በእርሳስ የሚመረዙ የውኃ ወፎችን ለማዳን እርሳስ ደረጃ በደረጃ እየተከለከለ ሄዶ በ1991 በመላ አገሪቱ ዳክዬና ዝይ ላይ ታገደ። እርሳስን የተካው ብረት ቀላል ስለሆነ ትላልቅ ጠጠር፣ ትላልቅ ጠጠር ደግሞ ሰፊ ጎተራ ይፈልጋል። ሞስበርግና ፌደራል የተባለው ጥይት ሠሪ ቀለሁን አስረዝመው የመጡት ለዚህ ነው። የተርኪ አዳኞች ግን እርሳስ ስለተፈቀደላቸው በዚያው ጎተራ 57 ግራም ሞሉበት፤ በ10 ጌጅ ክብደት ሳይሆን በ3.4 ኪሎ ጠመንጃ የ10 ጌጅ ጉልበት አገኙ።

ዋጋውን ትከሻ ይከፍላል። አንድ ዓይነት ጥይት ከ4.9 ኪሎና ከ3.4 ኪሎ ጠመንጃ ቢተኮስ፣ ቀላሉ ወደ ኋላ የሚመጣው አንድ ጊዜ ተኩል በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ሰደፉ ጉንጭ ይመታል፣ መነጽር ይጥላል። ከዚህ የባሰው ተኳሹ ፍንዳታውን ሲጠብቅ ዓይኑን መጨፈኑና ቃታውን በድንጋጤ መሳቡ ነው፤ በ40 ያርድ ትንሽ መወዛወዝ የተርኪውን አንገት ያስታል። ለብዙ ሰው ይህ ጥይት ከሚሰጠው የሚያሳጣው ይበልጣል ማለት ይቻላል፤ ሦስት ኢንቹ 12 ጌጅ 50 ግራም እርሳስ ይዞ ያንኑ ሥራ በለዘበ ምት ይሠራል።

ክርክሩን ያደበዘዘው ግን ሌላ ማዕድን ነው። እርሳስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ቲኤስኤስ የሚባለው የተንግስተን ጠጠር 18 ግራም ይመዝናል፤ ጠንካራ ስለሆነም አይጨፈለቅም። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተንግስተን ጠጠር ሦስት ሚሊ ሜትር ካለው እርሳስ ባልተናነሰ ይሰርጋል። መጀመሪያ በየቤታቸው ጥይት የሚሞሉ አዳኞች ሞከሩት፤ ፌደራል በ2018 በፋብሪካ ደረጃ አወጣው። ሒሳቡ አስገራሚ ነው። 20 ጌጅ 42 ግራም ተንግስተን ሲጭን 540 ያህል ጠጠር ይዟል፤ 10 ጌጅ 64 ግራም ባለ ሦስት ሚሊ ሜትር እርሳስ ሞልቶ የሚይዘው 380 ገደማ ነው። የሕጻናት መለማመጃ ተደርጎ ይታይ የነበረው .410 እንኳ ከ250 በላይ ይዞ፣ ርቀቱን ለሚያከብር ሰው በቂ ሆኗል።

ይህ ርቀትን የማክበር ነገር ቀላል አይደለም። ጥይቱ 60 ያርድ ይገድላል ሲባል 60 የመሰለው 75 ሆኖ ይገኛል፤ በጫካ ጥላ ውስጥ ርቀት ያታልላል። ብዙ ልምድ ያላቸው አዳኞች ዛሬም 40ን አይሻገሩም፤ ወፉን አቅርቦ መጥራት የአደኑ ጥበብ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸው። በሌላ በኩል አምስት የተንግስተን ጥይት የያዘ ፓኮ ብዙ ጊዜ ከ40 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ፣ ማነጣጠሪያውን የሚያስተካክሉት በርካሽ ቀላል የእርሳስ ጥይት ነው፤ ውዱን በመጨረሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ወረቀት ላይ ተኩሰው ክቡን ይቆጥራሉ፣ የቀረውን ለወቅቱ ያስቀምጣሉ።