የቁምሳጥኑ ካሴት፦ ስለ ቪኤችኤስ የሚወራውና እውነታው

ከከሚሴ እስከ ባቲ፣ የኒካህና የሰርግ ቪዲዮ ካሴት ዛሬም ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ቤተሰብ አይጠፋም። ስለ ካሴቱ የሚወራው ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

ቪኤችኤስ የተባለው የቪዲዮ ካሴት ተፎካካሪውን ቤታማክስን ያሸነፈው በምስል ጥራት ነው የሚሉ አሉ። በጥራቱ ይወደስ የነበረውስ ቤታማክስ ነው። የሶኒው ቤታማክስ በ1975፣ የጄቪሲው ቪኤችኤስ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲወጡ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ይቀርጹ ነበር። ሙሉ ፊልም የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ጄቪሲ ለሌሎች ፋብሪካዎችም ፈቃድ ስለሰጠ ካሴቱን የሚያጫውተው ዴክ በዛ፣ ዋጋውም ወረደ። በ1988 እ.ኤ.አ. ሶኒ ራሱ ቪኤችኤስ ዴክ ማምረት ጀመረ። እኛ አገር ቪዲዮ ቤት በየከተማው ሲስፋፋ ፉክክሩ አልቆ ነበር።

ዘመድ ያለ ጥፋቱ የታማበት ነገርም አለ። ከአሜሪካ የተላከ ካሴት እዚህ ሲከፈት ምስሉ ይንከባለላል፣ ወይም ቀለሙ ይጠፋል፤ «የተበላሸ ላኩብን» ይባላል። ካሴቱ ግን ደህና ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና በሰከንድ ወደ 30 ምስል ሲኖረው፣ የኛው ፓል 625 መስመርና 25 ምስል አለው። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ከተገኘ ሙሽሪት ከነቀለሟ ትመጣለች።

ከሁሉ የከፋው «ካልታየ አይበላሽም» የሚለው ነው። ምስሉ ያለው 12.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የፕላስቲክ ክር ላይ በማጣበቂያ በተያዘ ማግኔታዊ ብናኝ ውስጥ ነው፤ ማጣበቂያው በሙቀትና በእርጥበት ይዳከማል። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት አገር፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ካሴት ሳይነካም ያረጃል። በካሴቱ መስኮት ስታዩ ከተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ዴክ ውስጥ አትክተቱት፤ የዴኩን ማንበቢያ (ሄዱን) ያቆሽሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል።

ሰርጉ ላይ ኳስ እንዳይቀረጽበት ደግሞ በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ስበሯት፤ ከዚያ ወዲያ ዴኩ ያሳያል እንጂ አይቀርጽም።

«ዴኩ ስለቀረ ካሴቱም ሞተ» የሚለውም ስህተት ነው። የጃፓኑ ፉናይ ዴክ ማምረት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚሠራ አሮጌ ዴክ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ዛሬም ይገለብጣል። የሦስት ሰዓቱ ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ካወቃችሁ ዘንድሮ አስገልብጡ፤ ከገለበጣችሁ በኋላም ዋናውን አትጣሉት።