ከክፍል ውጭ የሚገኝ የሳይንስ ትምህርት በደሴና በኮምቦልቻ

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በደሴና በኮምቦልቻ የሚማሩ ልጆች ከመደበኛው ክፍል ውጭ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚለማመዱበት በር የትና የት እንዳለ ለመግለጽ፤ ከዚያም በሩ ለማን ተከፍቶ ለማን እንደሚዘጋ ለመመርመር ነው። ጕዳዩ የትምህርት ሚኒስቴር እንጂ የኛ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በሁለቱ ከተሞች ካለው የቤተ ሙከራ ዕቃ የሚበዛው በዩኒቨርሲቲ እጅ መሆኑንና ቁልፉንም የያዝን እኛው መሆናችንን ያስታውስ።

መቸም ከሰፈር ወጥቶ ትምህርት መፈለግ ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ መማር የፈለገ የቆሎ ተማሪ መምህሩ ወዳለበት ደብር፣ ለምሳሌ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወይም መምህር አካለ ወልድ ወዳስተማሩበት ወደ ቦሩ ሜዳ፣ አኵፋዳውን ይዞ ይሄድ ነበር። ደረሳውም የውርስ ክፍፍልን ሒሳብ ለመቅራት ሼኹ ወዳሉበት ቀዬ በእግሩ ይጓዝ ነበር። የቀን መቁጠሪያ ስሌትም ሆነ የውርስ ክፍልፋይ የሒሳብ ሥራ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከሁለቱ አንዱም «ካንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣህ ነህን?» ተብሎ አለመጠየቁ ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት የደረሰው ችግር ሌላ ዐይነት ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ባገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። አሳቡ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ ሙከራውን በምስል ለማድረስ ነበርና የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ተማሪው የአሲዱ ቀለም ሲለወጥ በመስተዋት አየ እንጂ ጠርሙሱን በእጁ አልያዘም፤ ብዙ አፍስሶ አላበላሸም፤ እንደገናም አልሞከረም። ሳይንስ ደግሞ ያለ መበላሸት አይለመድም።

ይህን ጕድለት ለመሙላት ባገራችን ከተሞከሩት ሥራዎች ዋናው የስቴም ማዕከል የሚባለው ነው። ስቴም ማለት ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ በአንድነት ሲጠሩ ነው። የመጀመሪያው ማዕከል አሜሪካዊው ማርክ ጌልፋንድ ባደረጉት ርዳታ በ2009 እ.ኤ.አ. በቢሾፍቱ ፎቃ በተባለው ሥፍራ ተከፈተ፤ ከዚያም ስቴም ፓወር በሚባለው ድርጅት አማካይነት ሥራው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ቤቱንና አስተማሪዎቹን ይሰጣል፣ ድርጅቱ መሣሪያና ሥልጠና ይጨምራል፤ ካካባቢው ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ልጆች በክረምትና በዕረፍት ቀን እየመጡ ኤሌክትሮኒክስ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምና የቤተ ሙከራ ሥራ ይለማመዳሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያለ ማዕከል አለው። ዩኒቨርሲቲው አንደኛው ግቢው በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በኮምቦልቻ ነው።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በያዘ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ብዙ ዘረፋና ጥፋት ደርሶበታል፤ ከጠፋው ውስጥ ኮምፒዩተሮችና የቤተ ሙከራ ዕቃዎች ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በቀጠለው ግጭት በገጠር ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንግዲህ አሁን የሚነገረው ስለ ትርፍ ትምህርት ሲሆን፣ ዋናው ትምህርት ራሱ የተቋረጠባቸው ልጆች በቅርብ መኖራቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ለማዕከሉ የሚላኩት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ውጤታቸው የበለጡት ናቸው። ቦታው ጥቂት ስለ ሆነ አንድ ወንፊት ማስፈለጉ እውነት ነው፤ ግን ወንፊቱ ምን እንደሚያጠልል ማየት ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ይህን የመሰለ ፈተና ከመቶው ዘጠና የሚበልጠውን ልጅ ከደጅ ካስቀረ፣ ትርፍ ትምህርቱም ያንኑ ልጅ ደግሞ ካስቀረው፣ ሁለት ጊዜ በአንድ ሚዛን መመዘን ይሆናል። ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሚሠራው፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥመው ልጅ በክፍል ዐሥራ አምስተኛ ሊወጣ ይችላል። በኔ አስተያየት ካሉት ቦታዎች ሲሶው እንኳ ሠርተው ላሳዩ ልጆች ቢጠበቅ ማዕከሉ አይጎዳም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ማንም ሳይመርጣቸው ልጆች ሊገቡበት የሚችሉ አንድ ሰፊ ቤተ ሙከራ አለ፤ እርሱም ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው 650 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው፤ ከፍ ባልን ቍጥር ግን የሚጫነን እያነሰ ይሄዳል። ውኃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው የእንፋሎት ግፊት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት ሲስተካከል ነውና፣ አየሩ በሳሳበት አገር ቶሎ፣ ማለት ባነሰ ሙቀት፣ ይፈላል። ለያንዳንዱ 300 ሜትር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በኮምቦልቻ ወደ 94፣ በደሴ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል ማለት ነው።

እነዚህን ቍጥሮች ተማሪው ከመጽሐፍ ሊያገኛቸው ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ራሱ ሲለካቸው ነው። የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ድስት፣ ንጹሕ ውኃና ምድጃ ነው። በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነክሮ ዜሮ ማሳየቱን ይመርምር፤ ካላሳየ ልዩነቱን ይመዝግብ። ቀጥሎ በደሴ ሦስት ጊዜ፣ በኮምቦልቻ ሦስት ጊዜ፣ ቢቻል በሐረጎም መንገድ ዳር ሦስት ጊዜ ይለካ፤ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች እንዳይነካ ይጠንቀቅ። ያገኘውንም ከከፍታው ጋር በሥዕለ መስመር ላይ ሲያኖረው ነጥቦቹ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋሉ። ካልተጠጉ የበለጠ ይማራል፤ ምክንያቱን መፈለግ ይጀምራልና። የባቄላ ንፍሮ በደሴ ለመብሰል ለምን ዘለግ ያለ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ እንፋሎቱን የሚያፍን ድስትም ለምን እንደሚያፈጥነው ያን ጊዜ ለእናቱ ሊያስረዳ ይችላል። ልጁ እናቱ ይህን ልዩነት በእጇ ስታውቀው እንደ ኖረች ይረዳል የሚል ግምት አለኝ።

ሌላም አለ። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ኮምቦልቻ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም ተጨምሮባታል። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ቦርከና የሚገቡትን ትናንሽ ወንዞች በከባድ ብረቶች፣ ከቆዳ ፋብሪካም በክሮሚየም እንደሚበክል ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ክሮሚየም መለካት ለልጆች የሚሆን ሥራ አይደለም፤ የውኃውን ጥራት፣ የአሲድነቱን መጠንና በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ትናንሽ ነፍሳት ከፋብሪካው በላይና በታች ማነጻጸር ግን ያንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ የሚመራቸው አዋቂ ካለና ባዶ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ካላገቡ።

ምድሩ ራሱ እንኳ ያስተምራል። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ያን ጊዜ ነገሩን የመረመሩት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ የነበሩት ፒየር ጕዊን ናቸው። ለዛሬ ተማሪ ንዝረት የሚለይ ትንሽ መሣሪያ በአርዱይኖ መግጠም በማዕከሉ ከሚሰጡት ትምህርቶች ጋር የሚስማማ ሥራ ነው።

ስለ ፋብሪካዎቹ ጕብኝት ብዙ አልናገርም፤ ልጆች ተሰልፈው ገብተው ተሰልፈው የሚወጡበት ጕብኝት እምብዛም አያስተምርም። ከዚያ ይልቅ በደሴ የወይዘሮ ስሂን፣ በኮምቦልቻም የከተማይቱ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች ያሏቸው የብየዳ፣ የመኪና ጥገናና የኤሌክትሪክ ወርክሾፖች ይሻላሉ፤ በነዚያ ልጁ አንድ ብሎን ቢሆን እንኳ ይፈታል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለ ሆነ ምርጫ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር፣ መብራትና የኔትዎርክ ሒሳብ ራሳቸው መራጮች ናቸው።

የቀረው የመጓጓዣ ነገር ነው። የምህንድስናው ወርክሾፕ በኮምቦልቻ ሲሆን የደሴ ልጅ ደርሶ ለመመለስ በየቅዳሜው የሚኒባስ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ከኩታበር ወይም ከተሁለደሬ ለሚመጣው ልጅ ደግሞ ከዚያ በፊት ደሴ መድረስ ይቀድማል። ዩኒቨርሲቲው በሁለቱ ግቢ መካከል የሚያመላልሰው አውቶቡስ ቢኖረውና ቅዳሜ ጧት ባዶ ወንበር ቢገኝበት፣ ወንበሩን ለነዚህ ልጆች ለመፍቀድ የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው የተማሪዎች ማኅበር ቢሆን ደግሞ ከመምህራን ተቃዋሚ የሚነሣ አይመስለኝም።