ላፕቶፗ ትንሽ፣ ካርዱ ትልቅ፦ ያዋጣል ወይ?

ብሌንደር ከፍታችሁ ሬንደር የሚለውን ትነካላችሁ። የላፕቶፗ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ይጀምራል፣ ሆዷ ይግላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የቀሪ ጊዜ ቁጥር ግን ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ ይወጣል። በትንሽ ላፕቶፕ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ፣ ስሪዲ የሚሠራ ወይም ከበድ ያለ ጌም የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ይኼኔ ነው ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ የሚመጣው፦ አንዱ ልጅ የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ ኬብል ከትንሽ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ፣ ጌሙ እንደ ውኃ ሲፈስ ያሳያል። ነገሩ ውሸት አይደለም፣ ይሠራል። ጥያቄው የእናንተ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል ወይ፣ ከሠራስ ያወጣችሁትን ብር ይመልሳል ወይ ነው።

ዋናው ነገር መንገዱ ነው

ግራፊክስ ካርድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል መስመር ነው። ዴስክቶፕ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ትልቁ ማስገቢያ 16 መስመር አለው። በሦስተኛው ትውልድ ይህ በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ ሰፊ የቀለበት መንገድ በሉት። ላፕቶፕ ላይ ግን ያን ያህል ሰፊ በር የለም። አዳፕተር የሚሠራው ላፕቶፗ ካላት ጠባብ በር አንዱን ወስዶ ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ ማድረግ ነው። መንገዱን አያሰፋውም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ “በሬ የትኛው ነው?” የሚለው ነው።

አንደኛው በር ተንደርቦልት ነው። ተንደርቦልት 3 እና 4 በ40 ጊጋቢት ይታወቃሉ፤ ከዚያ ውስጥ ለካርዱ ሊደርስ የሚችለው ቢበዛ 32 ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 4 ጊጋባይት ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጥሩነቱ ላፕቶፗን መፍታት አያስፈልግም። ወጥመዱ ግን መልኩ ነው። ቀዳዳው ከተራው ዩኤስቢ ሲ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሻጩ “ታይፕ ሲ አለው” ስላላችሁ ብቻ ተንደርቦልት አለው ማለት አይደለም። ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ምልክት መኖሩን እዩ፣ ከዚያም የሞዴሉን ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ኤስኤስዲ የሚሰካበት ኤም ዶት 2 ማስገቢያ ነው። አራት መስመር ካለው በሦስተኛው ትውልድ ወደ 4፣ በአራተኛው ወደ 8 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል። አዳፕተሩም ከተንደርቦልት ሳጥን በጣም ይረክሳል። ነገር ግን የላፕቶፗ ክዳን ተከፍቶ ኬብሉ በጎን መውጣት አለበት። ማስገቢያው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲው ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ሳታ ብቻ የሚቀበል ኤም ዶት 2 ከሆነ ጭራሽ አይሠራም።

ሦስተኛው የድሮዎቹ በር ነው። በ2012 የወጣውን ቲንክፓድ ኤክስ230 እንውሰድ፤ 12.5 ኢንች ስክሪን ያላት፣ ጠንካራ፣ እስከ ዛሬም ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ የምትገኝ ላፕቶፕ ናት። በጎኗ ኤክስፕረስ ካርድ የሚባል ማስገቢያ አላት። ኢኤክስፒ ጂዲሲ የሚባለው ርካሽ አዳፕተር እዚያ ይሰካል። መንገዱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ በሰከንድ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ። ከቀለበት መንገድ ወጥቶ የኮብልስቶን ቅያስ ውስጥ እንደ መግባት ነው።

ታዲያ በጠባብ መንገድ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመንገዱ ጥበት ሁሉንም ሥራ እኩል አይጎዳም። ብሌንደር ላይ ሬንደር ስታደርጉ ዕቃው አንዴ ወደ ካርዱ ሜሞሪ ይጫናል፣ ከዚያ ካርዱ ለብቻው ይሠራል። መጫኑ ይዘገያል እንጂ ሬንደሩ ብዙም አይጎዳም። ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ የሚገባ የኤአይ ሞዴል ማስኬድም እንደዚያው ነው። ጌም ግን በየቅጽበቱ ከፕሮሰሰሩ ጋር መመላለስ ስላለበት ብዙ ይቀንሳል። ቪዲዮ ኤዲት መሃል ላይ ነው።

ሌላው ስክሪን ነው። ምስሉን መልሳችሁ በላፕቶፗ ስክሪን ማየት ከፈለጋችሁ ያው ጠባብ መንገድ ለመሄድም ለመመለስም ይሆናል። ሞኒተር ካርዱ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ውጤቱ ይሻላል። ፕሮሰሰሩንም አትርሱ፤ ባለ ሁለት ኮር አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ በጣም ውድ ካርድ መሰካት ካርዱን ሥራ ማስፈታት ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ላፕቶፕ ካርዱን በኤሌክትሪክ አትመግበውም። ራሱን የቻለ ፓወር ሳፕላይ ያስፈልጋል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ነው፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170 ዋት ይጠጣል። ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፤ ሰፋ አድርጋችሁ ግዙ።

አሁን እኛን የሚመለከተው ነገር መጣ። የላፕቶፕ ትልቁ ጥቅም መብራት ሲሄድ በባትሪ መቀጠሏ ነበር። ውጫዊ ካርድ ከተሰካ ግን መብራት ሲጠፋ ላፕቶፗ በርታ ካርዱ ይሞታል። ያኔ ኮምፒውተሩ ቀጥ ሊል ይችላል፣ ሴቭ ያልተደረገው ሥራም አብሮ ይሄዳል። ለደንበኛ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ማየት የለበትም። ስለዚህ ዩፒኤስ ትርፍ ዕቃ አይደለም፣ የሒሳቡ አካል ነው።

ከመሰካታችሁ በፊት

የኤም ዶት 2 እና የኤክስፕረስ ካርድ አዳፕተር ላፕቶፗ በርታ እያለች አይሰካም፣ አይነቀልም። መጀመሪያ አጥፉ፣ ክዳን የምትከፍቱ ከሆነም ባትሪውን ንቀሉ። ሁሉን ሰክታችሁ ስትጨርሱ ቀድሞ የካርዱ ፓወር ይበራል፣ ከዚያ ላፕቶፗ።

ዊንዶውስ ካርዱን አይቶ “ኮድ 12” ካለ፣ ለካርዱ የሚበቃ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የተለመደ ነው። ባዮስ ውስጥ የማትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ማጥፋት አንዳንዴ ይፈታዋል። “ኮድ 43” ካለ ድራይቨሩን አራግፋችሁ እንደገና ጫኑ፣ ኬብሉንም ፈትሹ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለክሪፕቶ ማይኒንግ የተሠሩ፣ የዩኤስቢ ኬብል ያላቸው ርካሽ ራይዘሮች አሉ። ኬብሉ ዩኤስቢ ይምሰል እንጂ በውስጡ የሚሄደው የዩኤስቢ ምልክት አይደለም። ላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ ብትሰኩት አይሠራም፣ ፖርቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ማክቡክ ያላችሁ ደግሞ፣ አፕል በ2018 ለውጫዊ ካርድ ድጋፍ የጀመረው ለኢንቴል ማኮች ነበር። ኤም 1 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ማኮች ላይ ውጫዊ ካርድ ለጌምም ለስክሪንም አይሆንም፤ ብራችሁን ያዙ።

ሒሳቡ

ቪዲዮው ላይ የሚታየው አዳፕተሩና ካርዱ ናቸው። እናንተ ግን ወረቀት አውጡና ጻፉ፦ አዳፕተር፣ ካርድ፣ ፓወር ሳፕላይ፣ ሞኒተር፣ ዩፒኤስ። ድምሩን ካገለገለ ዴስክቶፕ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ዴስክቶፑን ግዙ፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ራስ ምታቱም ትንሽ ነው። ሥራችሁ በወር አንዴ ከሆነ ደግሞ እንደ ጉግል ኮላብ ያለውን፣ በኢንተርኔት ካርድ የሚያውሰውን፣ መጀመሪያ ሞክሩ።

ነገር ግን ተንደርቦልት ወይም ነፃ ኤም ዶት 2 ያላት ላፕቶፕ እጃችሁ ላይ ካለች፣ ሞኒተር ቤት ካለ፣ ሥራችሁም ሬንደር ከሆነ፣ ያዋጣል። ከሁሉም የሚያጽናናው አንድ ነገር አለ፦ ካርዱና ፓወር ሳፕላዩ ነገ ዴስክቶፕ ስትገጣጥሙ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። የሚቀረው አዳፕተሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ደህና ብር የሚወጣው ለእነሱ ይሁን።

ድስት ጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። ዛሬ ማታ ላፕቶፓችሁን ገልብጡና የሞዴሉን ቁጥር አንብቡ። ያ ምንም ብር አይጠይቅም።